ፍጥረት ስለ ፈጣሪው ምን ይናገራል? የክርስትና ትምህርት ከድሬዳዋና ከሐረር ሲታይ

በክርስትና እምነት ሰማዩም፣ ዝናቡም፣ ወፉም ስለ ሠሪያቸው ይናገራሉ። ትምህርቱ ግን «ዓለምን የሚያንቀሳቅስ አንድ ኃይል አለ» ብሎ አያበቃም። ኃይል አይሰማም፣ አይመልስም። መብረቅን «አቤቱ» የሚለው ክርስቲያን የለም። በፍጥረት በኩል የሚታወቀው የሚያይ፣ የሚሰማና የሚናገር አምላክ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ማን ነው?» የሚለው ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ትምህርት ሥነ ፍጥረት ትለዋለች። «ሥን» በግእዝ ውበት ነው። በትምህርቱ መሠረት ከእሑድ እስከ ዓርብ 22 ፍጥረታት ተፈጠሩ። 7ቱ በአርምሞ፣ ማለትም በዝምታ። 14ቱ በነቢብ፣ በቃል። ሰው ብቻ በገቢር፣ በእጅ ሥራ። ይህችን አከፋፈል በጣም እወዳታለሁ። ዝም የሚል፣ የሚናገር፣ አፈር አንስቶ የሚያበጅ «ማንነት» ይታይባታል። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ይህ «አካል» ይባላል። አካል ሲሉ ሥጋ ማለታቸው ሳይሆን «እኔ» ማለት የሚችለውን ነው።

የአብርሃም ታሪክ ደግሞ ነገሩን ያፍታታዋል። በትውፊቱ አባቱ ታራ ጣዖት እየሠራ ይሸጥ ነበር። አብርሃም ጣዖቱን ገበያ አውጥቶ «ዓይን እያለው የማያይ፣ ጆሮ እያለው የማይሰማ የሚገዛ!» እያለ ጮኸ። ከዚያ ፍጥረትን አንድ በአንድ መረመረ። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ ደረሰ። እሷም ጠለቀች። ያኔ «አምላከ ፀሐይ ተናገረኒ» አለ። የፀሐይ አምላክ ሆይ፣ አናግረኝ ማለት ነው። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ኩፋሌም ተመሳሳይ ነገር አለው። አብርሃም የዓመቱን ዝናብ ለማወቅ ሌሊት ቁጭ ብሎ ከዋክብትን ይመለከታል። ምልክቶቹ ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ እንደሆኑ ልቡ ሲነግረው ቆጠራውን ትቶ ይጸልያል። ሐረር ውስጥ ሙስሊም ጎረቤትም የዚህን ታሪክ ዘመድ ያውቀዋል። በቁርአን ኢብራሂም ኮከቡን፣ ጨረቃዋንና ፀሐይዋን አይቶ ከሚጠልቁት ፊቱን ያዞራል።

በቤተ ክርስቲያኗ የዘመን አከፋፈል ክረምቱ ራሱ መምህር ነው። ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። በውስጡ የደመና፣ የዘር፣ የመብረቅ፣ የወንዞች መታሰቢያ አለ። ነሐሴ ላይ «ዕጓለ ቋዓት» የሚባል ጊዜ ይመጣል፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ስያሜው እግዚአብሔር ለሚጮኹ የቁራ ጫጩቶች ምግብ ይሰጣል ከሚለው መዝሙር ጋር ይሄዳል፤ በግእዙ ቁጥር መዝሙር 146 ነው። አባቶች ሲተረጉሙት ጫጩቷ ስትፈለፈል መልኳ ወላጆቿን ስለማይመስል ጥለዋት ይሄዳሉ ይላሉ። አፏን ከፍታ ስትጮኽ ትንኝ እየገባላት ትኖራለች። ጠዋት ቆርቆሮ ላይ ቁራ ሲንጫጫ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ብዙ ነው። መዝሙሩ ግን ያንን ጩኸት ልመና አድርጎ ይሰማዋል።

እዚያው መዝሙር ላይ እግዚአብሔር ከዋክብትን በየስማቸው ይጠራል። የሐረር ልጅ ይህ ቶሎ ይገባዋል። ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ የሚያበላው ሰው ቅርጫቱን ይዞ ይቀመጣል። የአንዱን ስም ይጠራል። ጨለማው ውስጥ ሁለት ዓይን ያበራል፣ ቀጥሎም የተጠራው ጅብ ራሱ ብቅ ይላል። ሥጋውን ከእጁ ይቀበለዋል። መጥራትና መመገብ አብረው ሲሄዱ በዓይን ይታያል።

ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. በ1870 በመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ ሰው ከፍጥረት ተነስቶ በአእምሮው ፈጣሪን በእርግጥ ማወቅ እንደሚችል ደንግገዋል። ወንጌላውያን «አጠቃላይ መገለጥ» ይሉታል፤ ሮሜ 1፥20ን ይጠቅሳሉ። የሚያድነው ግን ክርስቶስ ነው ብለው ያጠብቃሉ። ይህ ማጥበቅ ለኦርቶዶክሱም እንግዳ አይደለም። ቃል ሥጋ ባይሆን ኖሮ ፍጥረት ብቻውን የአምላክን ፊት አያሳይም።

ከባዱ ጥያቄ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ነው። በድሬዳዋ መሃል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። ላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድሬ ጠብ ሳይልባት ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ይህም «ይናገራል» ወይ? ክርስትና እዚህ ላይ ቶሎ መልስ አይሰጥም፤ መስጠትም የለበትም ብዬ አምናለሁ። ኢዮብ ልጆቹን ካጣ በኋላ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ አናገረው እንጂ ምክንያቱን አልነገረውም። ጳውሎስም ፍጥረት ሁሉ እንደሚቃትት፣ ምጥ እንደያዘው ይጽፋል።

አምላክ ሰሚ ነው ከተባለ ይለመናል። ድርቅ ሲሆን ምሕላ ይያዛል፣ «እግዚኦ» ይባላል። በቅዳሴም ስለ ዝናብ ይማለዳል፤ ዝናቡ በሚፈለግበት ቦታ እንዲወርድ። ቀጥሎ ስለ ወንዞች ውሃ ይማለዳል። እግዚአብሔር እስከ ልካቸውና እስከ ወሰናቸው እንዲሞላቸው። ደቻቱ ዳር ላደገ ሰው «እስከ ወሰናቸው» የምትለዋ ቃል ከሁሉም በላይ ትሰማዋለች።