የቅዳሜና እሑድ ቆይታ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር በጎጃም ሰሜናዊ ጫፍ፣ ጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ፣ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጉዞውን በሚጀምርበት ስፍራ የምትገኝ የአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ከደጋው ለሚመጣ ሰው ቀኑ ሞቅ ይልበታል፣ ምሽቱ ግን ለሽርሽር የሚመች ነው። ከእንጅባራ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደብረ ማርቆስና ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን ለማረፍ ወደዚህች ከተማ መምጣት የቆየ ልማድ ሲሆን፣ የቆይታው መርሐ ግብር በአብዛኛው የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በሐይቁ ነፋስ፣ በገዳማቱ ሥርዓትና በቅዳሜ ገበያ። እነዚህን ሳያስተውል የመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ያሰበውን ግማሽ ሳያይ ነው።

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ሰው እንደ መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይጓዛል። የዓባይን በረሃ ወርዶ ከወጣ በኋላ ከደጀን ወዲህ ሁለት አማራጮች አሉት፤ አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ የሚዞረው ዋና መንገድ ሲሆን፣ ሌላው በብቸናና በሞጣ የሚያልፈው አጠር ያለ መንገድ ነው። በየትኛውም ቢመጣ ጉዞው ቀኑን ስለሚፈጅ፣ ሁለት ቀን ብቻ ላለው የአዲስ አበባ ሰው በመኪና መምጣት ዕረፍቱን መንገድ ላይ መጨረስ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን የአንድ ሰዓት ያህል በረራ ነው። ከእንጅባራ ለሚነሳ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ ይደርሳል። በክልሉ የተቀሰቀሰውን ግጭት ተከትሎ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንገዶች የሚዘጉበት ጊዜ በመኖሩ፣ ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ ሰዎች ወይም በከተማዋ ከሚኖር ዘመድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከተማዋ በቀድሞ ስሟ ባሕር ጊዮርጊስ የምትባል፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች ትንሽ መንደር ነበረች። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን በፔድሮ ፓኤዝ እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ሕንፃ አሁንም አለ። የዛሬው መልኳ በዋናነት የተያዘው በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ተቋም ሥራ ሲጀምሩ ነው። ያኔ የተዘረጉትና በዘንባባ የተሸለሙት ሰፋፊ መንገዶች ዛሬም የከተማዋ መታወቂያ ናቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት ሰጥቷታል። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት በብዛት የሚታይባት ከተማ ናት፤ እንግዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው በባጃጅ ነው።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጠዋት ውኃው እንደ መስተዋት የረጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ትናንሽ ጀልባዎችን ያንገላታል። ስለዚህ ጀልባ ተከራይቶ ወደ ደሴቶች መሄድ የፈለገ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደብ መገኘት አለበት። ቁርሱን ሳይቸኩል ሲበላ ቆይቶ 4 ሰዓት ላይ «ዳጋ ውሰዱኝ» የሚል መንገደኛ በየሳምንቱ አይጠፋም። ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ አንድ ሙሉ ቀን ይጠይቃሉ። ዳጋ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብንና ዓፄ ፋሲልን ጨምሮ የበርካታ ነገሥታት አስከሬን የሚገኝበት ሲሆን፣ ናርጋ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሩት ነው። በቅርብ ካሉት ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ይጠቀሳሉ። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ወደ ዳጋና ወደ ክብራን ሴቶች አይገቡም። ይህን ሳይጠይቁ ተሳፍረው ሚስትን ጀልባ ላይ አስቀምጦ መውጣት የዕረፍቱን መንፈስ ያበላሻል።

ለሁለት ቀን እንግዳ ከሁሉም የሚሻለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከመውረጃው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድ በቡና ደን ውስጥ ያልፋል። ቡናው ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ጌሾና ሎሚ በመካከሉ አለ፣ በሬና ሞፈር ግን አይታይም። በአካባቢው ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም ስፍራው እንዳይታረስና ከብት እንዳይረባበት በማለታቸው ሕዝቡ ኑሮውን በቡናና በጌሾ አድርጓል። ደኑ ለዚህ ዘመን የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዙሪያውን ያለው የጎጃም መሬት ከጥንት ጀምሮ በማረሻ የተገለበጠ ነውና። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን፣ እንግዳው ጫማውን አውልቆ ቅኔ ማኅሌቱን ይዞራል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል የተሸፈነ ነው። ሰው በላ የነበረው በላዔ ሰብ ለተጠማው ሰው እፍኝ ውኃ ሲሰጥ፣ ጻድቃን ሰማዕታትም በየተራ ይታያሉ። ከአጸዱ ላይ የተንጠለጠሉት ጠፍጣፋ የድንጋይ ደወሎች በትንሽ ድንጋይ ሲመቱ እንደ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስለሚኖር ለመጎብኘት የሚመች ቀን ቅዳሜ ነው።

በመመለሻ መንገድ ላይ ታንኳ ማየት አይቀርም። ታንኳ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅል ደንገል የሚሠራ ሲሆን፣ በሥራው በተለይ የታወቁት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ ይደርቃል፣ በእስር በእስር ይጠፈራል፣ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ከዳር አቁመው ያደርቁታል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ባለ ታንኳው ረዥም ዘንጉን ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ከዘጌ የማገዶ እንጨት ጭኖ ከተማ ይገባል፤ ጭነቱ ከባድ ሲሆን ከሩቅ የሚታየው እንጨቱ ብቻ ነው፣ ታንኳው ከውኃው እኩል ይሆናል። በሐይቁ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በይበልጥ የበረታው በሰሜናዊውና በምሥራቃዊው ዳርቻ ሲሆን፣ ዓሣ አስጋሪውን ከማንም በላይ ጎድቶታል።

ምሳ ዓሣ ነው። ቀረሶ ቆዳው በቢላ ተሸነታትሮ ሙሉውን በዘይት ይጠበሳል፤ ከሎሚና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። አምባዛ ለጉላሽና ለዱለት ይመረጣል። ከጀልባ የወረደ ሰው ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች ወንበር ስቦ ቢቀመጥ ይበቃዋል፤ ትልቅ ሆቴል መፈለግ በዚህ ረገድ ትርፍ ወጪ ነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ገበያ አለ። የባሕር ዳር ገበያ በአገልግሉ ይታወቃል፦ ከውስጥ በሰፌድ አሠራር የተሰፋ፣ ከውጭ በቆዳ የተለበጠ፣ በጠፍር የሚታሰር ክዳን ያለው። ቆዳው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ገዢዋ ክዳኑን አንስታ ታሸታለች፣ ገጥማም ክፍተት መኖሩን በጣቷ ዙሪያውን ትዳስሳለች። ዋጋ ላይ መከራከር የሚጠበቅ ነው።

አመሻሽ ላይ ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ ዓባይ አቅጣጫ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ የከተማው ወጣት የሚንሸራሸርበት ሆኗል። ከወንዙ ማዶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት የቤዛዊት ኮረብታ አለ፤ ከዚያ ሐይቁና ወንዙ በአንድነት ይታያሉ። ዕድለኛ የሆነ ሰው ጉማሬ ያያል።

እሑድ የጢስ ዓባይ ቀን ነው፤ ፏፏቴው ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚህ ላይ ወቅቱ ወሳኝ ነው። ውኃው ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወረው፣ ጢሱም ከሩቅ የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በበጋ በተለይ ከ1993 ዓ.ም. በኋላ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መውሰድ ሲጀምር፣ ለፏፏቴው የሚተርፈው መጠን ቀንሷል። በመጋቢት ሄዶ ባዶ ገደል አየሁ ብሎ የሚያማርር ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። ለዚያ ሰው የሚቀረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ ነው፤ ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ ሲሆን፣ ከአካባቢው ገበሬ ጋር አብሮ ማለፉ ራሱ ያስደስታል። በክረምት መንገዱ ስለሚያዳልጥ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማና ዱላ ያስፈልጋል፤ ዱላውን የሚያከራዩ ልጆች ከመንገዱ መጀመሪያ ላይ አይታጡም።

ማረፊያን በተመለከተ ከሐይቁ ዳር ካሉት ሎጆች አንስቶ በመናኸሪያ ዙሪያ እስካሉት አልጋ ቤቶች የተለያየ ደረጃ አለ። በጥምቀት ሰሞን ግን አልጋ ስለሚጠፋ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው። እሑድ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለስ ሰው ከጢስ ዓባይ እስከ 6 ሰዓት ተመልሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ሳይወጣ እንዲደርስ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ወዲያው መነሳት ይኖርበታል።