አብሰርድ ቴአትር ዝም ብሎ ቅዠት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁለት ሰዎች ገጠር መንገድ ዳር፣ አንድ ደረቅ ዛፍ አጠገብ ቆመው ጎዶ የሚባል ሰው ይጠብቃሉ። አይመጣም። በማግስቱም ይጠብቃሉ። አሁንም አይመጣም። የአየርላንዳዊው ሳሙኤል ቤኬት ተውኔት፣ «ጎዶን በመጠበቅ ላይ»፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ለጓደኛ ብትነግሩት «እሺ፣ ከዛስ?» ይላችኋል። ከዛ ምንም የለም።

እንዲህ ያለው ቴአትር አብሰርድ ይባላል። ወለፈንድ የሚሉትም አሉ። በጣም የምወደው የቴአትር ዓይነት ነው። ስለ እሱ ደጋግሜ ከምሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች አንዳንዶቹን እኔም በአንድ ወቅት አምኛቸዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ለተማረ ሰው ብቻ ነው»

ብዙ ሰው ገና ከበሩ ላይ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

በ1956 መጀመሪያ ላይ ተውኔቱ አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማያሚ ላይ ታየ። ማስታወቂያው ሁለት አህጉራትን በሳቅ ያፈነዳ ሥራ ነው ይል ነበር። ተመልካቹ ዘንጦ፣ ሊዝናና መጣ። ብዙዎቹ ሳያልቅ ተነስተው ወጡ።

ኖቬምበር 19 ቀን 1957 የሳን ፍራንሲስኮ ተዋንያን ይህንኑ ተውኔት ይዘው ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ገቡ። ተውኔቱ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ሴት ገጸ ባሕርይ ስለሌለው ነበር። ፊት ለፊታቸው 1400 ያህል እስረኞች ተቀምጠዋል። ተዋንያኑ ፈርተዋል። የተማረው ሰው ያልገባው ነገር ለእነዚህ ሰዎች እንዴት ይገባል?

ገባቸው። ጸጥ ብለው አዩት። አንዱ እስረኛ «ጎዶ ማለት ማኅበረሰቡ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «ጎዶ ማለት ውጭው ነው» አለ። ሪክ ክለቺ የሚባል የዕድሜ ልክ እስረኛ በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የቴአትር ቡድን መሠረተ። ከተፈታ በኋላም ከራሱ ከቤኬት ጋር እስከ መሥራት ደረሰ።

እነዚህ ሰዎች መጠበቅን ያውቁታል። ተውኔቱ ውስጥ አንድ ልጅ እየመጣ «አቶ ጎዶ ዛሬ አይመጡም፤ ነገ ግን በእርግጠኝነት ይመጣሉ» ይላል። ይህንን ለመረዳት ፍልስፍና መማር አያስፈልግም። ቪዛ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል። ለአንዲት ፊርማ ወር ሙሉ ቢሮ የተመላለሰ፣ «ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው ያውቀዋል።

«ጎዶ ማለት እግዚአብሔር ነው፣ አለቀ»

በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን። ቃል ስንሰማ ሥሩን መቆፈር ልማዳችን ነው። «ጎዶ» እና የእንግሊዝኛው «ጎድ» ስለሚመሳሰሉ ወርቁን ያገኘን ይመስለናል። ግን ቤኬት ተውኔቱን መጀመሪያ የጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፣ ከ1948 መጨረሻ እስከ 1949 መጀመሪያ። በፈረንሳይኛ ደግሞ እግዚአብሔር «ዲዩ» ነው። ጎዶ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅም፣ ቢያውቀው ኖሮ ተውኔቱ ውስጥ ይጽፈው እንደነበር ነው የመለሰው።

ይህ ማለት ሃይማኖታዊው ንባብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ገና ከጅምሩ ሁለቱ ሰዎች ከክርስቶስ ጋር ስለተሰቀሉት ወንበዴዎች ያወራሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ባለ ቅኔው ወርቁን ደብቆ አስቀምጦልናል፤ ካልደከምን እናገኘዋለን። ቤኬት ቦታውን ባዶ ነው የተወው። እስረኛው የራሱን አስገባ፣ ስደተኛውም የራሱን ያስገባል።

«ደራሲው የመጣለትን የሚጽፍበት ነው»

ተውኔቱ ፓሪስ ላይ የተከፈተው ጃንዋሪ 5 ቀን 1953 ነው። መጨረሻው ላይ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸውን ለመስቀል ያስቡና ገመድ ያጣሉ። ከሁለቱ አንዱ፣ ኤስትራጎን፣ ሱሪውን ያሰረበትን ገመድ ሲፈታ ሱሪው ወለል ላይ ይወድቃል። ተዋናዩ ይህን አፍሮ ሱሪውን ወገቡ ላይ ያዝ አደረገው። ቤኬት ይህን ሲሰማ ለአዘጋጁ ለሮዤ ብላን ደብዳቤ ጻፈ፦ ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚት መውደቅ አለበት። አሳዛኙና አስቂኙ በአንድ ቅጽበት እንዲመጡ ስለፈለገ ነው። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው የመጣለትን አይጽፍም። ዝምታዎቹ እንኳን ጽሑፉ ላይ በየቦታቸው ተቀምጠዋል።

ሌላውን የአብሰርድ ጸሐፊ፣ ኢዮኔስኮንም እዩ። ሩማንያ የተወለደው ይህ ጸሐፊ እንግሊዝኛ ለመማር አንድ የቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ገዛ። ዓረፍተ ነገሮቹን ሲገለብጥ ደነቀው። ጣሪያው ከላይ ነው፣ ወለሉ ከታች ነው፤ እንዲህ እያሉ የሚነጋገሩ ባልና ሚስት። ከዚያ ውስጥ በ1950 «መላጣዋ ዘፋኝ» ወጣ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንደማይተዋወቁ ሆነው ወግ ይጀምራሉ። በአንድ ባቡር መጥተናል፣ አንድ መንገድ ላይ እንኖራለን፣ የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው ይባባላሉ። በመጨረሻ ባልና ሚስት መሆናቸውን ያገኙታል።

ይህን ሳነብ የሚታየኝ ሳሎን ነው። ሁለት ሰው ሶፋ ላይ፣ እያንዳንዱ ስልኩ ውስጥ። «ምን አዲስ ነገር?» «ምንም፣ ሰላም።» ኢዮኔስኮ ስማርት ስልክ አላየም። ግን ቃል ብቻ ቀርቶ ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አይቶ ነበር። ተውኔቱ ከ1957 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ ላ ዩሼት በሚባል ትንሽ ቴአትር ቤት ሲታይ ኖሯል።

«ተስፋ መቁረጥን ይሰብካል»

ቤኬት በጦርነቱ ጊዜ ፓሪስ ውስጥ ናዚዎችን የሚታገል የኅቡዕ ቡድን አባል ነበር። በ1942 ቡድኑ ተከዳ። እሱና የኋላ ባለቤቱ ሱዛን፣ ሩሲዮን ወደሚባል የደቡብ ፈረንሳይ መንደር ሸሹ። እዚያ እርሻ እየሠሩ የጦርነቱን ማብቂያ ጠበቁ። በኋላ ፈረንሳይ የጦር መስቀል ሸለመችው። ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው እንዲህ አያደርግም። በተውኔቱም ውስጥ ሁለቱ ሰዎች «እንለያይ» ይባባላሉ እንጂ አይለያዩም። አንዱ ሲርበው ሌላው ከኪሱ ካሮት ያወጣለታል። እኔ ይህን ተስፋ መቁረጥ ማለት ይከብደኛል።

«የድሮ አውሮፓውያን ጉዳይ ነው»

«አብሰርድ ቴአትር» የሚለውን ስም በ1961 ያስተዋወቀው ማርቲን ኤስሊን የሚባል ሃያሲ ነው። ጸሐፊዎቹ ማኅበርም ሆነ መግለጫ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከእነሱ ጋር አብሮ ያለፈ ነገር የለም።

ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ፣ ፕራግ ላይ፣ ቫስላቭ ሃቬል የሚባል ጸሐፊ በ1965 አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም ሊማረው የማይችል አዲስ ቋንቋ በደብዳቤ ሲታዘዝ የሚያሳይ ተውኔት አቀረበ። ዛሬ የቢሮ ቅጽ ሞልቶ የማያውቅ ካልሆነ በቀር ይህ የማይገባው ሰው የለም። ሃቬል ታሰረ። ቤኬት በ1982 አንድ አጭር ተውኔት በስሙ አበረከተለት። በ1989 ሃቬል የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ።

በ1993 ደግሞ የቦስኒያዋ ከተማ ሳራዬቮ በጦርነት ተከብባ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አልሞ ተኳሾች መንገዱን ሲጠብቁ፣ አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ «ጎዶን» ከከተማዋ ተዋንያን ጋር አዘጋጀች። መድረኩ በሻማ ነበር የበራው። ከተማዋ ከውጭ የሚደርስላት ኃይል እየጠበቀች ነበር። ሶንታግ ያሳየችው የመጀመሪያውን ገቢር ብቻ ነው። ልጁ መጥቶ ጎዶ ነገ ይመጣል አለ፣ ትርኢቱም እዚያ ላይ ቆመ።