ሳይክልና ኩርፊያ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ለሳይክል የተሠራች ነው የምትመስለው። ከጣና ደቡብ ዳርቻ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጣላ ተኝታለች። መንገዶቿ ሰፋፊ፣ ዳር ዳሩ ዘንባባ። ተማሪው ይነዳል፣ ሠራተኛው ይነዳል፣ ሸቀጥ አመላላሹም ይነዳል። እዚህ የምናነሳው ግን ስለ እነሱ አይደለም። የትም መድረስ ሳይኖርባቸው፣ ለደስታ ብለው እሁድ ጠዋት ስለሚነዱት፣ በተለይም ስለሚኮራረፉት ነው።

እንዲህ ያለው ስብስብ መዝገብም ማኅተምም የለውም። የሰፈር ልጆችና የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ናቸው። ያላቸው ነገር ቀጠሮ ነው፤ ጠቡም የሚጀምረው ከዚያው ነው። "12 ሰዓት ጊዮርጊስ ጋ" ይባላል። 12 ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ቆሟል። 12፡30 ላይ አራት ይሆናል። አምስተኛው ሲደወልለት "መንገድ ላይ ነኝ" ይላል፤ ከኋላው የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማል።

መንገዱ ብዙ ምርጫ የለውም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት የቤዛዊት ኮረብታ አለ። በግንቦት 2016 የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ፤ ለሳይክል የራሱ መስመር ስላለው ይወደዳል። አገር ሰላም ሲሆን ደግሞ ጢስ ዓባይ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል።

ጠቡ የሚበስለው ቤዛዊት ዳገት ላይ ነው። ባለ ማርሹ ተፈትልኮ ይወጣል። ማርሽ የሌለው ወርዶ ይገፋል። ቀድሞ የደረሰው ውሃውን ጠጥቶ፣ ፎቶውን ተነስቶ፣ የኋላው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ብቅ ሲል "በሉ እንሂድ!" ይላል። የቡድን ጠብ ብዙ ምክንያት ይሰጠዋል፤ መዋጮ፣ ማሊያ፣ ጉራ። እኔ ግን አብዛኛው እዚችው "በሉ እንሂድ" ላይ የተቋጠረ ይመስለኛል።

ሜዳው ላይ ደግሞ የነፋስ ጉዳይ አለ። ፊት የሚነዳው ነፋሱን ይቆርጣል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳው በጣም ያነሰ ጉልበት ያወጣል።  በ2008 ጽጋቡ ግርማይ ታላቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እዚያ ደረጃ ላይ ማን ለማን ነፋስ እንደሚቆርጥ ቡድኑ ይወስናል፣ ለዚያውም በደመወዝ። እሁድ ጠዋት ደመወዝ የለም። መንገዱን ሙሉ ከሰው ጀርባ ተለጥፎ መጥቶ፣ ከተማ መግቢያ ላይ ሽው ብሎ አልፎ "አሸነፍኩ" የሚል ግን አይጠፋም። ውድድር ነው ያለው ማን ነው?

ኩርፊያው የራሱ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዝምታ። ቀጥሎ ሐሜት። ከዚያ ከቴሌግራም ግሩፕ መውጣት። መጨረሻ ላይ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም በዚያው የዘንባባ መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ይነዳሉ። ሲተላለፉ ደወል እንኳ አይደዋወሉም።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከጢስ ዓባይ ስንመለስ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ማስቲሽ በእጄ ነበር፣ ከመነዳሪውም ተለጠፈ። ፖምፓው ግን ቀድሞ በሄደው ጓደኛችን ቦርሳ ውስጥ ነው። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ሳይክሌን እየገፋሁ አንድ ሰዓት በፀሐይ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት አላናገርኩትም።

ማስታረቁም ያው የአገራችን ወግ ነው፤ በዕድሜ ከፍ የሚለው ሁለቱን ይጠራል። እኛን የጠራን ሐይቁ ዳር ያለ ዓሳ ቤት ነው። ቆሮሶ ተጠብሶ መጣ። ስለ ዋጋው አወራን፣ ስለ እምቦጩ አወራን። ስለ ፖምፓው ትንፍሽ ያለ የለም። ሒሳቡን እሱ ከፈለ። ስንወጣ ቦርሳውን ከፍቶ ፖምፓውን አወጣና የእኔ ሳይክል ላይ በላስቲክ አሰረው።