ፕሩት ምንድን ነው? «ስልኬ ላይ ካሊ ጫንኩ» ለምትሉ

«አንድሮይዱን ትቼዋለሁ፤ አሁን ስልኬ ላይ ያለው ካሊ ሊኑክስ ነው፤ ሩትም ነኝ።» ይህን ዓይነት ነገር ስንቴ እንዳነበብኩ እንጃ። (ካሊ የደኅንነት መፈተሻ መሣሪያዎች የታጨቁበት የሊኑክስ ዓይነት ነው፤ ሩት ደግሞ ሁሉም ነገር የሚፈቀድለት የሲስተሙ ባለቤት።) ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ወንድማችን ማስረጃ ብሎ ሦስት ስክሪንሾት ለጥፎ መጣ። ከሥሩ «እንዴት እንደሆነ ላክልን ብሮ» የሚል ሰልፍ። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ግን ሦስቱም ስክሪንሾቶች የሚያሳዩት እሱ ያለውን ሳይሆን ተቃራኒውን ነው። ያን አይቶ ማለፍ አቃተኝ።

ያ ወንድማችን የጫነው ፕሩት ነው። ቴርመክስን አውርዶ፣ ፕሩት-ዲስትሮ የሚባለውን መሣሪያ አስገብቶ፣ የካሊን ፋይሎች አውርዶ ገብቶባቸዋል። በቃ። ቴርመክስ አንድሮይድ ላይ የሊኑክስ ትእዛዝ መጻፊያ የሚከፍት መተግበሪያ ነው። ብቻ ከኤፍ-ድሮይድ ወይም ከጊትሃብ አውርዱት እንጂ ፕለይ ስቶር ላይ ካለው ጋር አትታገሉ።

ፕሩት የሚሠራው ሥራ አንድ ነው። ፕሮግራሞች ለከርነሉ (ሃርድዌሩን ለሚያዘው የሲስተሙ እምብርት) የሚልኩትን ጥያቄ መንገድ ላይ ይይዛል፣ ያስተካክላል፣ ያሳልፋል። ፕሮግራሙ «ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የተጠቃሚዎች ፋይል ክፈትልኝ» ይላል። ስልኩ ላይ እዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ፋይል የለም። ፕሩት አድራሻውን ቀይሮ ወደ ቴርመክስ የግል ፎልደር ይልከዋል፤ ፋይሉ የተቀመጠው እዚያ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ነገር የለም። ይህ የሚሆነው ፒትሬስ በሚባል የከርነል አገልግሎት ነው፤ ፕሮግራመሮች ስህተት ሲፈልጉ አንዱን ፕሮግራም በሌላው የሚከታተሉበት ማለት ነው። ለዚህ ሩት መሆን አያስፈልግም። ውበቱ ይሄ ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል።

ከርነሉስ? የአንድሮይድ ነው። ስልኩ ሲበራ የተነሳው ያው ከርነል፣ ሌላ የለም። አንድሮይድ ራሱ ከመጀመሪያው የተሠራው በሊኑክስ ከርነል ላይ ስለሆነ ነው ጨዋታው የሚቻለው። ሊኑክስማ ስልኩን ስትገዙት ውስጡ ነበር! የጨመራችሁት ከላይ ያለውን ነው፤ ጂ-ሊብሲውን (ፕሮግራሞች የሚደገፉበትን ላይብረሪ)፣ ባሹን (ትእዛዝ ተቀባዩን)፣ አፕቱን (ፕሮግራም ጫኙን)፣ ሲያምራችሁ ደግሞ ኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፑን። አንድሮይድ በጂ-ሊብሲ ፋንታ ባዮኒክ የሚባል የራሱ ላይብረሪ ስላለው የተለመዱት የሊኑክስ ፕሮግራሞች እንዳሉ አይነሱበትም። ፕሩት-ዲስትሮ የጎደላቸውን ሁሉ ከነጓዙ ያመጣላቸዋል።

በአዲስ አበባ ኑሮ ላስቀምጠው። ስልኩ ግቢ ነው። አንድሮይድ አከራይ ነው። ቴርመክስ ግቢው ውስጥ የተከራያችሁት አንድ ክፍል ነው። ፕሩት ደግሞ በሩ ላይ ያቆማችሁት ጉዳይ አስፈጻሚ ልጅ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ «ግቢው በሙሉ የኛ ነው» እያለ የሚያስገባ፣ እንግዳው «ሳሎኑ የት ነው?» ሲል ወደዚያችው ክፍል ጥግ የሚመራ፣ ውሃ ሲጠየቅ ሮጦ ከአከራዩ ቧንቧ የሚቀዳ። ግድግዳውን በፈለጋችሁት ቀለም ቀቡት። በሩ ላይ ስማችሁን ለጥፉ። ቆጣሪው ግን የአከራዩ ነው። የውጪው በር ቁልፍም የአከራዩ ነው። ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የሚወስነውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ስክሪንሾቶቹ።

የመጀመሪያው ላይ «ማን ነኝ?» ብሎ ጠይቆ «ሩት» የሚል መልስ አግኝቷል። መልሱን የሰጠው ማን ነው? በሩ ላይ ያቆመው ልጅ። ፕሩት የተጠቃሚ ቁጥር ሲጠየቅ ዜሮ ብሎ እንዲመልስ ታዟል፤ አፕትና መሰሎቹ ሩት ካልሆንክ ስለማይሠሩ እነሱን ለማባበል ነው። አንድሮይድ ግን ያንን ሰው የሚያውቀው እንደ ማንኛውም ተራ መተግበሪያ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ኤንማፕን (ኔትወርክ የሚፈትሸውን ፕሮግራም) አስነሱ። ምንም ሳታዙት ራሱን ሩት አድርጎ ያምናል፣ ለሩት ብቻ የሚፈቀደውን ጥሬ ሶኬት (ፓኬት በራስ እጅ ሠርቶ መላኪያ) ልክፈት ብሎ ይሞክራል፣ «አይፈቀድም» ተብሎ ይመለሳል። ኤንማፕ ሩት እንዳልሆነ ቢነገረው ኖሮ ተራውን የቲሲፒ ስካን ይዞ ሥራውን ይቀጥል ነበር። የተጎዳው ስለተዋሸ ነው። ዌብ ሰርቨር ፖርት 80 (የድረ ገጾች የተለመደ በር) ላይ ለማቆም ሞክሩ፤ እዚያም ያው ነው። ከ1024 በታች ያሉት ፖርቶች የባለቤቱ ናቸው። የቴርመክስ ኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያው) ፖርት 8022 ላይ የሚቀመጠው ለጌጥ አይደለም።

ሁለተኛው ስክሪንሾት ይባስ። «ዩኔም» ብሎ የከርነሉን ስም ጠይቆ፣ ከስልኩ ሴቲንግ ላይ ካለው የተለየ ቁጥር አግኝቶ «ይኸው የራሱ ከርነል!» ይላል። ወንድሜ፣ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አንብበው። ጫፉ ላይ «ፕሩት-ዲስትሮ» የሚል ቅጥያ አለው። መሣሪያው ፕሮግራሞች ከርነሉ አሮጌ ነው ብለው እንዳያኮርፉ የፈጠራ ቁጥር ይሰጣል፣ ማን እንደፈጠረው ደግሞ በሐቀኝነት ስሙን ይጽፍበታል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ሦስተኛው ስክሪንሾት የሲፒዩ ጫና የሚያሳይ ነው። ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ፣ ደስ የሚል። «ስልኬ ምንም አይጨናነቅም» ብሎ ጽፎበታል። አንድሮይድ ከ8 ወዲህ የጫና መረጃ ያለበትን የፕሮክ ፋይል (ከርነሉ ስለ ሲስተሙ መረጃ የሚያወጣበትን) ለመተግበሪያዎች አያሳይም። ፋይሉ ከጠፋ የሚደናገጡ ፕሮግራሞች ስላሉ ፕሩት-ዲስትሮ በቦታው የማይለዋወጥ ምሳሌ ያስቀምጣል። ወንድማችን የለጠፈው የስልኩን ጫና ሳይሆን ይህንኑ ምሳሌ ነው። ስልኩ እጁ ላይ ቢቃጠልም እሱ ስክሪንሾት ላይ ያው ተረጋግቶ ይቀመጣል። (ሥራዬ ሰርቨር መጠበቅ ስለሆነ ይቺ ሆዴን ትቆርጠዋለች፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳያዩ ቁጥር ማመን የስንት ሰው እንቅልፍ አበላሽቷል መሰላችሁ።)

ፍጥነትን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ወሬ አለ፤ «በጣም ቀርፋፋ ነው» እና «ምንም አይቀንስም»። ሁለቱም እንደ ሥራው ነው። ፕሩት ሲፒዩን አያስመስልም። ስሌቱ በቀጥታ በስልኩ ሲፒዩ ላይ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሲፒዩን ብቻ የሚያደክም ሥራ ብዙም አይዘገይም። ከርነሉን ደጋግሞ የሚያስቸግር ሥራ ግን፣ ለምሳሌ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች የሚከፍት የአፕት ጭነት፣ ለያንዳንዷ ጉዳይ በሩ ላይ ያለውን ልጅ መጠበቅ አለበት። እዚያ ላይ ነው የሚንቀረፈፈው። እግረ መንገዴን፣ «የዴብ ፋይሉ አልጫን አለኝ» የምትሉ የወረደው ፋይል አርም64 (ለስልክ ሲፒዩ የተሠራ) መሆኑን እዩ። ለላፕቶፕ ተብሎ የተሠራው ስልክ ላይ አይነሳም።

አከራዩ በር የሚዘጋበት ሰዓትም አለ ብያለሁ። አንድሮይድ 12 ሲመጣ መተግበሪያዎች ከጀርባ የሚወልዷቸውን ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) መቁጠር ጀመረ። ጣሪያው 32 ነው፣ ያውም በስልኩ ላይ ላሉት ሁሉ በድምሩ። አንድ ዴስክቶፕ ብቻውን ይቺን ለመሙላት ብዙ አይቀረውም። ከዚያ ምንም ሳታጠፉ ሁሉም ነገር ድርግም ይልና ቴርመክስ «ሲግናል 9» የምትል አንድ መስመር ያሳያችኋል። ሰው «ካሊው ተበላሸ» ብሎ አጥፍቶ እንደገና ያወርዳል፣ ዳታውን ይጨርሳል። ካሊው ምንም አልሆነም፤ አከራዩ ነው ማብሪያውን ያጠፋው። በኋላ በመጡት አንድሮይዶች ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ ይህን ገደብ ማንሻ አለ። በ12 ላይ ግን በኤዲቢ (ስልክን ከኮምፒዩተር በሚያዝ መሣሪያ) ትእዛዝ መስጠት ይጠይቃል።

ዋይፋዩን ደግሞ ልጨርሰው፤ የዚህ ሁሉ ካሊ ፍቅር ምንጭ እሱ መሆኑን እናውቃለን። የዋይፋይ ካርዱን በአየር ላይ ያለውን ሁሉ እንዲያዳምጥ ማድረግ የከርነልና የድራይቨር ጉዳይ ነው። ተከራይ ቆጣሪ አይነካም። የካሊ ሰዎች ራሳቸው ያለ ሩት የሚሠራውን ኔትሀንተር (የስልኩን ካሊ) ሲያቀርቡ የዋይፋይ ኢንጄክሽን (የራስን ፓኬት ወደ አየር መልቀቅ) እንደሌለው በግልጽ አስቀምጠዋል። ሙሉው ኔትሀንተር ሩት የተደረገ ስልክ፣ ለዚያ ስልክ የተዘጋጀ ከርነልና አብዛኛውን ጊዜ በኬብል የሚሰካ የውጪ አስማሚ ይፈልጋል። የጎረቤት ዋይፋይ መስበር ደግሞ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ተናገርኩ፣ ይሁን።

«ታዲያ ሌላ መንገድ የለም?» አለ። ግቢው ውስጥ የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰርቪስ ቤት መሥራት ይቻላል፤ ይሄ ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ በስልኩ ውስጥ እንደ ሌላ ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር የሚሠራ። ጎግል እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ለፒክስል ስልኮች ባወጣው ማሻሻያ ውስጥ ተርሚናል የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በቨርቹዋል ማሽን ያስነሳል። እዚህ ከርነሉ እውነትም የራሱ ነው፣ ሩቱም እዚያች ቤት ውስጥ እውነተኛ ሩት ነው። ግን ቺፑም አምራቹም ካልፈቀዱ ስልካችሁ ላይ አይመጣም። መሬቱም አሁንም የአከራዩ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ሊኑክስ ኦን ዴክስ ብሎ ኡቡንቱን በኮንቴይነር ስልኮቹ ላይ ማሠራት ጀምሮ ነበር፤ ብዙ ሰው ተደሰተ፣ በዓመቱ አንድሮይድ 10 ሲመጣ ድጋፉ ቀረ። አከራይ «ውጡ» ሲል ይሄ ነው።

አንድሮይድን አንሥቶ በቦታው ሊኑክስ ማስቀመጥ፣ ማለትም ግቢውን ራሱ መግዛት፣ ሦስተኛው መንገድ ነው። ፖስትማርኬትኦኤስ፣ ኡቡንቱ ተች፣ ሞቢያን የሚባሉት እዚህ ይመደባሉ። የግቢው ካርታ ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው) ነው፤ ካልተከፈተ ምንም የለም፣ ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ዳታ ይጠፋል፣ አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ጭራሽ አይከፍቱም። ተከፈተ እንበል። ላፕቶፕ ሲነሳ ውስጡ ምን ምን ሃርድዌር እንዳለ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይነግረዋል፤ ለዚህ ነው አንዱ የኡቡንቱ ፍላሽ አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ የሚነሳው። ስልክ አይናገርም። ስክሪኑ የት እንደተያያዘ፣ ቻርጀሩ በየትኛው ቺፕ እንደሚሄድ ለያንዳንዱ ሞዴል በሰው እጅ የሚጻፍ ዲቫይስ ትሪ የሚባል ፋይል ያስፈልጋል። ግቢውን ገዝታችሁ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው የለም እንደማለት ነው። ስለዚህ እንደ ዋንፕላስ 6 ያሉ ጥቂት ስልኮች በበጎ ፈቃደኞች ልፋት ደህና ይሠራሉ። ሌላው ላይ ስክሪኑ በርቶ ድምፁ ይቀራል፣ ወይ ካሜራው። እዚህ በየሰዉ እጅ ያሉት ርካሽ ስልኮች አብዛኞቹ ተስፋ የላቸውም። ፓይንፎን ከመጀመሪያው ለሊኑክስ ተብሎ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ተሽጧል፤ ሲፒዩው ግን ሲወጣም ያረጀ ነበር። ኡቡንቱ ኤጅ የሚባለው ስልክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013፣ 32 ሚሊዮን ዶላር ለምኖ ወደ 12.8 ሚሊዮን ቃል ተገብቶለት ሳይወለድ ቀረ። የባንክ መተግበሪያችሁ እዚያ ላይ ይሠራ እንደሆነም አስቡ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ፕሩትን ለማናናቅ አይደለም። ላፕቶፕ ለሌለው ተማሪ ፓይተን፣ ጂሲሲ፣ ጊት፣ ሊብረኦፊስ ኪሱ ውስጥ መግባታቸው ትልቅ ነገር ነው። ስልኩ አይነካም፣ ዋስትናው አይበላሽም። ነገር ግን ሁሉም የተቀመጠው ቴርመክስ የግል ፎልደር ውስጥ መሆኑን አትርሱ። ቴርመክስን ስታጠፉ፣ ወይም «ዳታ አጽዳ» የምትለዋን ስትነኩ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁም አብሮ ይሄዳል። ፕሩት-ዲስትሮ የባክአፕ ትእዛዝ አለው፤ ተጠቀሙበት፣ ፋይሉንም ከስልኩ አውጡ። አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ ፎንት ስላልወረደ ነው፤ ዴቢያን ላይ አቢሲኒካ ኤስአይኤል አለ። ለመጻፍ አይባስ የሚባለው የኪቦርድ መሣሪያ ከኤም17ኤን ጋር ይሠራል።

ወንድማችን መጨረሻ ላይ «ነገ ደግሞ ዶከር አስነሳበታለሁ» ብሏል። አይነሳም። ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አጥሮ የሚያሠራው) ለማጠሪያነት የከርነሉን ኔምስፔስና ሲግሩፕ ይፈልጋል፣ ተከራይ ደግሞ እነዚህን ማዘዝ አይችልም። ሲስተም-ዲም (ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቶቹን የሚያስነሳው) እንዲሁ፤ አንደኛው ፕሮሰስ እኔ ካልሆንኩ አልሠራም ብሎ ይጽፍልሃል። ኪውኢሙ ውስጥ ሙሉ ማሽን አስመስለህ ብታስነሳው ይነሳል፣ ግን ቡናህን አፍልተህ ጠጥተህም ያልቅ እንደሆነ እንጃ። ዶከር ከፈለግክ አንድ ርካሽ ሰርቨር ተከራይና ከዚያችው ቴርመክስ በኤስኤስኤች ግባበት፤ ለዚህ ፕሩት እንኳ አያስፈልግህም።