«ብርድ ይመታዋል» እና ሌሎችም፦ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ልጅ ይዞ ስለመውጣት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በልጆች ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ነው የምሠራው። ከምናያቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው። ከኖቬምበር እስከ ማርች በየቀኑ የምሰማት አንዲት አባባል አለች፤ «ብርድ ይመታዋል»። በዚህች አባባል ምክንያት ስንት ጤነኛ ልጅ ዊንተሩን ሙሉ ሶፋ ላይ ታብሌት ታቅፎ ይከርማል። መስማቱ ስለሰለቸኝ ልጽፈው ወሰንኩ። በመጀመሪያ ግን ቶሎ ቶሎ የሚያልቁትን ላንሳ።

«ከልጅ ጋር መውጣት ገንዘብ ይጨርሳል።» ዲሲ ውስጥ ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ አያስከፍሉም። ብዙዎቹም ከዲሴምበር 25 በቀር ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። ዙውም (የእንስሳት ማሳያው) በነፃ ነው፤ የመግቢያ ፓሱን ብቻ በስልካችሁ ቀድማችሁ ያዙ። ገንዘብ የሚበላው ፓርኪንጉ ስለሆነ በሜትሮ ሂዱ። ትኬት የከፈለ አንድ አዋቂ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆችን በነፃ ይዞ ይገባል። ወደ ዙው ስትሄዱ ጋሪ የምትገፉ ከሆነ ክሊቭላንድ ፓርክ ጣቢያ ውረዱ፤ በውድሊ ፓርክ በኩል ዳገቱ ያደክማል። ምሳ ከቤት ቋጥሩ። ቆሎና ለውዝ ግን ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ ያንቃል። ድፎ ዳቦ ይበቃዋል።

«ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሙዚየም ምን ይገባዋል?» ሁሉም ነገር እንዲገባው ማን ጠየቀው? ያያል፣ ይሮጣል፣ ይጠይቃል። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መግቢያ አዳራሽ ላይ የቆመውን ዝሆን ሲያይ ደንግጦ የማይቆም ሕፃን የለም። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ በሚያሳየው አዳራሽ ደግሞ ትልልቆቹን ልጆች የድንቅነሽ ቅጂ ጋ ውሰዷቸው። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘች የአገራቸው ልጅ መሆኗን ከእናንተ ይስሙ። የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥም እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ተብሎ የተሠራ መጫወቻ አለ።

«እዚህ አገር ሰው ፊት ማጥባት ያስቀጣል።» አያስቀጣም። በ50ውም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። መኪና ውስጥ ተደብቃችሁ አታጥቡ።

«አማርኛ ካወራነው እንግሊዝኛው ይዘገያል።» አይዘገይም። አውሩት።

«አምስት ደቂቃ ነው፣ መኪና ውስጥ ይቆይ።» ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች የሆነን ልጅ፣ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው ሰው አብሮት ሳይኖር ከዓይናችሁ አርቆ መኪና ውስጥ መተው በሕግ የተከለከለ ነው። እንጀራ ለመግዛትም ቢሆን ይዛችሁት ውረዱ።

አሁን ወደ ብርዱ።

ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው ደግሞ ከሰው ነው፤ ከሚያስል፣ ከሚስም፣ አፍንጫውን ጠርጎ እጁን ካልታጠበ ሰው። በብርድ ወራት ከሚበዛባቸው ምክንያቶች አንዱ ሁላችንም በርና መስኮት ዘግተን አንድ ክፍል ውስጥ መታጨቃችን ነው።

ፍርሃቱን ከአገር ቤት ይዘነው ነው የመጣነው። ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» የሚል እንደማይጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ተጠጋግቶ እየሳለ የሚፈራው ንፋሱ ነው። እዚህም ያው ነው። ሕፃኑን ፓርክ ለመውሰድ «ኧረ ብርድ ነው» ይባላል። ክርስትናው ላይ ግን ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እንግዳው ሁሉ ተራ በተራ እያቀፈ ጉንጩን ይስመዋል። አንዱ አጎት «ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል» እያለ ነው የሚስመው! ከቀናት በኋላ ልጁ ሲታመም «ያን ቀን በሩን ከፍታችሁበት ነው» ይባላል።

ባለፈው ዊንተር አንዲት እናት የአምስት ወር ልጇን ይዛ መጣች። ሊያርሷት ከአገር ቤት የመጡት እናቷም አብረው ነበሩ። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ከክሊኒክ በቀር ደጅ አልወጣም። ግን አፍንጫው ተዘግቷል፣ ያስላል። አስተኛሁትና ልብሱን መፍታት ጀመርኩ። መጀመሪያ ብርድ ልብስ። ከሥሩ ጋቢ። ከጋቢው ሥር ወፍራም ጃኬት፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከዚያ ሌላ ሹራብ። ማጅራቱን ስነካው በላብ ርሷል።

«እማማ፣ ቤት ውስጥ ያመመው ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ማንም የለም ልጄ። ታላቅ ወንድሙ ብቻ ነው፣ ከዴይኬር በመጣ ቁጥር ንፍጡን የሚያዝረበርበው።»

ምክንያቱ ታላቅ ወንድሙ ነበር። እሱም ቢሆን አይፈረድበትም፤ ትንንሽ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከ8 እስከ 10 ጊዜ ጉንፋን ቢይዛቸው የተለመደ ነው። እጁን አስታጥባችሁ፣ ልብሱን ቀይራችሁ ወደ ሕፃኑ ማቅረብ ግን ትችላላችሁ። ለአዋቂ ተራ ጉንፋን የሚመስለው አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ የጥቂት ወር ሕፃንን ሆስፒታል ሊያስተኛ ይችላል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኒርሴቪማብ የሚባል መከላከያ መርፌ አለ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የታመመ ዘመድ ሲመጣም «ዛሬ አትሳመው» በሉት። ነውር የለውም።

ብርድ ብቻውን ልጅ የሚያሳምም ቢሆን ደብረ ብርሃን ላይ ልጅ አያድግም ነበር። በኅዳር ውርጭ ማለዳ በጎቹን ነድቶ የሚወጣው ልጅ ነው። የዲሲ ጃንዋሪ እኮ ቀን ቀን በአማካይ 45 ዲግሪ ፋራናይት ግድም ነው፤ በሴንቲግሬድ 7። በደንብ ለለበሰ ልጅ ይህ የመጫወቻ አየር ነው። የልጆች መዋያዎች የሚመሩበት አገር አቀፍ መመሪያ አደገኛ የሚለው ቅዝቃዜው ከንፋሱ ጋር ተደምሮ ከዜሮ በታች 15 ፋራናይት ሲደርስ ነው። ዲሲ ላይ ይህ ብርቅ ነው። እኔ የምመክረው 20ዎቹ ፋራናይት ውስጥ ሲወርድ ቆይታውን ማሳጠር ነው። ዝናብ ወይም በረዶ ልብሱን ካራሰው ግን ወዲያው ግቡና ቀይሩለት።

አለባበሱ ቀላል ነው። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ ጨምሩለት፤ በቃ። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ። እጁ ስለቀዘቀዘ ብቻ በርዶታል አትበሉ። እጃችሁን ማጅራቱ ላይ አድርጉ፤ ሞቅ ካለና ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ካላበው አንዱን አውልቁለት።

«በመስኮት ፀሐይ እያሞቅኩት ነው» የሚሉኝም አሉ። አገር ቤት ሕፃን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ ጥሩ ልማድ ነው። መስታወት ግን ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ያስቀረዋል። በዚያ ላይ የዚህ አገር የዊንተር ፀሐይ ደካማ ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ጡት ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ ስጡት። ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።

ከደጁ ንፋስ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ቤት ውስጥ ያለው ጭስ ነው። በር ተዘግቶ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሕፃኑ እዚያው ጎን ተኝቷል። የዕጣኑ ጭስ የሕፃን ሳንባ ያስቆጣል። ከሰሉማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ ይገድላል። አፓርታማ ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፤ ሕፃኑ ባለበት ክፍል ዕጣን ይቅር።

ብርድ ፈርቶ ማጀቦን ሌላም ጣጣ አለው፤ ካርሲት (የልጅ የመኪና ወንበር) ላይ። ልጁን ወፍራም ጃኬት አልብሳችሁ ስታስሩት ቀበቶው የተጠበቀ ይመስላል። ግጭት ሲመጣ ጃኬቱ ይሟሽሽና ልጁ ከቀበቶው ሊያመልጥ ይችላል። ጃኬቱን አውልቃችሁ እሰሩት። ከዚያ ትከሻው ላይ ያለውን ቀበቶ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሩ። እጥፋት ይዞ ከተቆነጠጠ ላልቷል፤ አጥብቁት። ጃኬቱን ወይም ጋቢውን ከታሰረ በኋላ ከላይ ጣል አድርጉለት። «እግሩ ተጣጠፈ» ብላችሁም ከ2 ዓመቱ በፊት ፊቱን ወደ ፊት አታዙሩት። እግሩ መታጠፉ አይጎዳውም፤ አንገቱን የሚያድነው ወደ ኋላ መዞሩ ነው።

መፍራት ያለባችሁን ደግሞ ልንገራችሁ። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳቱ 100.4 ፋራናይት፣ ማለትም 38 ሴንቲግሬድ ከደረሰ፣ «ብርድ ነው» ብላችሁ ዳማከሴ አትጭመቁለት። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጋ ውሰዱት። በየትኛውም ዕድሜ ያለ ልጅ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ከሆነ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ 911 ደውሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አምሐሪክ» በሉና አስተርጓሚ ጠይቁ። ሆስፒታልም ስትደርሱ እንደዚያው፤ አትከፍሉበትም።