«እናቱ ጥላው ሄዳለች» እና ሌሎች የተጎዱ የዱር እንስሳትን የሚገድሉ እምነቶች

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተጎዱ የዱር እንስሳትን ተቀብለን የምንንከባከብ በጎ ፈቃደኞች ከቁስሉ ይልቅ የሚያደክመን አስቀድሞ በቅንነት የተሠራው ጥፋት ነው። ጥፋቱም ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ጥቂት እምነቶች ስለሚመነጭ፣ በየጊዜው በቃል የምንመልሰውን በጽሑፍ ማስፈሩ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው «ግልገሉን ብቻውን አገኘሁት፤ እናቱ ጥላው ሄዳለች» የሚለው ነው። ከመናገሻ ሱባ ጫካ ዳርቻ የድኩላ ግልገል ታቅፎ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚነግረን ይህንኑ ነው። እውነታው ግን ድኩላም ሆነች ሚዳቋ አራስ ግልገሏን አስከትላ የማትሰማራ መሆኗ ነው። ቁጥቋጦ ሥር ደብቃው ራቅ ብላ ትግጣለች፤ የምትመለሰውም ለማጥባት ነው። ድኩላ እንዲያውም ነብርና ጅብ ጠረኑን ተከትለው እንዳይደርሱበት የግልገሏን ፋንድያ ሳይቀር ትበላለች። ግልገሉ ሰው ሲቀርበው የማይሮጠው ታሞ ወይም ተርቦ አይደለም፤ ያለው መከላከያ ጸጥ ብሎ መተኛት ብቻ ስለሆነ ነው። አንሥቶ የሚወስደው ሰው ከእናቱ ነጠቀው እንጂ አላዳነውም።

አንድ ወጣት ያመጣልን ግልገል ዓይኑ የጠራ፣ ጠጉሩ የሚያበራ፣ አንድም ጭረት የሌለበት ነበር። ነገር ግን ሌሊቱን የላም ወተት በጡጦ ሲጠጣ አድሮ ስለነበር ጭራውና የኋላ እግሮቹ በተቅማጥ ርሰው ደረሱን። ፈሳሽ ብንተካለትም አልተረፈም። «ወተት ለሁሉም ይስማማል» የሚለው ሁለተኛው ስሕተት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ተከትሎ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ግልገሉን አስቀድማችሁ ወስዳችሁት ከሆነ በዚያው ቀን ካነሣችሁበት ቦታ መልሳችሁ አስተኙትና ፈጥናችሁ ራቁ፤ እዚያው ቆሞ መጠባበቅ እናቲቱን ከማራቅ በቀር ጥቅም የለውም። እርዳታ የሚያስፈልገው ቁስል ካለበት፣ ዝንብ ከወረረው፣ ወይም እናቱ አጠገቡ ሞታ ከተገኘች ነው።

የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ አትቀበለውም የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ላባ ያላወጣ ጫጩት ከጎጆው ከወደቀ ወደ ጎጆው መልሱት። ጉጉት ሟርተኛ ሳትሆን አይጥ የምታጠፋ ጠቃሚ ወፍ ናት። በእጃችሁ ላይ ጸጥ ያለ ወፍም የተረጋጋ ሳይሆን የደነገጠ ነው።

«ለደከመ ወፍ ውኃ በአፉ አፍስሱለት» የሚለውን ምክር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ አልችልም። የጭልፊት መንቁር ተከፍቶ ሲታይ ከምላሱ ግርጌ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ስንጥቅ አለች፤ እርሷ የአየር ቧንቧው አፍ ናት። በኃይል የተንቆረቆረ ውኃ በእርሷ በኩል ወደ ሳንባ ይገባል፤ ክንፉ ብቻ ተሰብሮ የነበረ ወፍ በዚህ ምክንያት እጃችን ላይ ታፍኖ ሲሞት አይቻለሁ። ትክክለኛው እርዳታ አየር የሚያስገባ ካርቶን፣ ጨለማ፣ መጠነኛ ሙቀትና ጸጥታ ነው።

«ጥንብ አንሣ ቢታከም ምን ይጠቅማል?» ብለው የሚጠይቁም አሉ። በቄራ ሰማይ ላይ ከምናያቸው የጥንብ አንሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ስለሆኑ የእያንዳንዳቸው መትረፍ ዋጋ አለው።

ከሰው የማይሸሽ ቀበሮ «ለምዶ ነው» ተብሎ አይቀረብ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

በመጨረሻም የአቦሸማኔ ግልገል ይዘው «ቤት አሳድጌ ስትጠነክር እለቃታለሁ» የሚሉ አሉ። የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቷ ጋር ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይታ አደን ትማራለች፤ ይህን ሰው ሊያስተምራት አይችልም። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ እየበላች ስታድግ ደግሞ ካልሲየም አጥሯት እግሮቿ ይጣመማሉ። በሆለታ አቅራቢያ በሚገኘው እንስሳ ኮቴ የተባለ የዱር እንስሳት መጠለያ ማእከል ዕድሜ ልካቸውን በአጥር ውስጥ የሚኖሩ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ያሉት ወደ ዱር መመለስ ስለማይችሉ ነው። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትም በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ የተጎዳ እንስሳ ስታገኙ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ የተገኘበትንም ቦታ በትክክል መዝግቡ፤ ሲያገግም የምንለቀው በተቻለ መጠን እዚያው ነውና።