የገጽ ፕላዝሞንና የብርሃን ሴንሰሮች

የእርግዝና መመርመሪያ ላይ ብቅ የምትለውን ቀይ መስመር ብዙ ሰው ያውቃታል። በቀለም የተሰመረች ትመስላለች። በብዙዎቹ መመርመሪያዎች ግን መስመሯ ወርቅ ናት። ስፋታቸው 40 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) አካባቢ የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች እዚያ ተሰብስበዋል። ቢጫው ወርቅ ቀይ ሆኖ የሚታየው በፕላዝሞን ምክንያት ነው።

በሜታል ውስጥ ከአተሞቻቸው ተላቀው እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው አንድ ላይ ወዲህ ወዲያ ይወዛወዛሉ፤ ይህ የጋራ ውዝዋዜ ፕላዝሞን ይባላል። ውዝዋዜው በትንሽ ቅንጣት ውስጥ ታግዶ ሲቀር ለቅንጣቱ ቀለም ይሰጠዋል። በለስላሳ ገጽ ላይ ሲሆን ደግሞ ከብርሃኑ ጋር ተቆራኝቶ ገጹን ይዞ የሚጓዝ ሞገድ ይሆናል። የገጽ ፕላዝሞን የሚባለው በተለይ ይህ ነው። ሞገዱ ከገጹ በራቀ ቁጥር ቶሎ ይከስማል። በሚታይ ብርሃን ሲሠራ፣ ውኃ ውስጥ የሚዘልቀው 200 ናኖሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ገጹን ተጠግቶ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። ለሴንሰር ሥራ ትልቁ ጸጋው ይኸው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ማንም ባልጠበቀው ጥላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ውድ ጥቃቅን መስመሮች የተጫሩበትን የሜታል ገጽ በብርሃን እየመረመረ ነበር። ከገጹ በተመለሰው የቀለማት ዝርግ ላይ ድንገት የሚጨልሙ ጠባብ ቦታዎች አየ። ሎርድ ሬይሊ በ1907፣ ኡጎ ፋኖ በ1941 ማብራሪያ ሰጡ። ጥላውን ከገጽ ሞገድ ጋር ያገናኘው ፋኖ ነው። በ1957 ሩፉስ ሪቺ በስስ ሜታል ውስጥ የሚያልፉ ፈጣን ኤሌክትሮኖች በገጹ ምክንያት ጉልበት እንደሚያጡ በስሌት አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓወልና ስዋን በአልሙኒየም ላይ በሙከራ አረጋገጡት።

ዋናው ዓመት ግን 1968 ነው። እስከዚያ ድረስ ለስላሳ ሜታል ላይ በቀጥታ ብርሃን አብርቶ ፕላዝሞን ማስነሳት አልተቻለም። ሊቻልም አይችልም። በእኩል ድግግሞሽ የፕላዝሞኑ ሞገድ በአየር ውስጥ ካለው ብርሃን ያጠረ ስለሆነ ሁለቱ እግር በእግር አይሄዱም። መፍትሔው ብርሃኑን በመስታወት ፕሪዝም ውስጥ ማሳለፍ ሆነ። መስታወት የብርሃንን ሞገድ ያሳጥራል። አንድሪያስ ኦቶ በፕሪዝሙና በሜታሉ መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት ተወ። በዚያው ዓመት የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኤርቪን ክሬችማንና ሃይንዝ ሬተር ስሱን ሜታል በቀጥታ ፕሪዝሙ ላይ ለበጡት። ከሁለቱ ማን ይቀድማል የሚለው ብዙ ሊያከራክር ይችላል። ሴንሰሩን የወለደው ግን ያለ ጥርጥር የሃምቡርጉ አሠራር ነው። የኦቶን ክፍተት በከፍተኛ ጥንቃቄ መጠበቅ ግድ ይላል፤ የእነ ክሬችማንን ሽፋን ግን አንዴ ከለበጡት በቃ።

ሙከራውን ቆሞ ማየት ደስ ይላል። ፕሪዝሙ ላይ 50 ናኖሜትር ያህል ወርቅ ይለበጣል። ወርቅ ከመስታወት ጋር በደንብ ስለማይጣበቅ ከሥሩ ጥቂት ናኖሜትር ክሮም ወይም ቲታኒየም ይቀድማል። 633 ናኖሜትር የሆነው ቀይ ሌዘር ይበራና ፕሪዝሙ ቀስ እያለ ይዞራል። ሙሉ ነጸብራቅ ከሚጀምርበት ማዕዘን ካለፉ በኋላ ብርሃኑ በሙሉ መመለስ አለበት፤ ግድግዳው ላይ ያለችው ነጥብም ደምቃ ትታያለች። ከዚያ ወደ 44 ዲግሪ አካባቢ ነጥቧ እልም ትላለች። ትንሽ ዞር ሲያደርጉት ትመለሳለች። የሌዘሩን ፖላራይዜሽን (የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ) በ90 ዲግሪ ቢያዞሩት ደግሞ ጨለማው ከነጭራሹ ይጠፋል። ሽፋኑ በጣም ከሳሳ ጨለማው ይሰፋል፤ ከ100 ናኖሜትር በላይ ከወፈረ ከናካቴው አይታይም ማለት ይቻላል። ወርቁ ላይ በአየር ምትክ ውኃ ሲፈስ ማዕዘኑ ወደ 72 ዲግሪ ይሄዳል።

ሴንሰርነቱ የተረዳው እዚህ ላይ ነው። ወርቁን የነካው ነገር ሲለወጥ ማዕዘኑ ይንቀሳቀሳል። ስዊድን ውስጥ በሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ክላስ ኒላንደር፣ ቦ ሊድበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ጋዝን በዚህ መንገድ ለዩ። በቀጣዩ ዓመት ወርቁ ላይ ፕሮቲን አስቀምጠው አንቲቦዲ ሲጣበቅበት ለኩ። በ1984 ፋርማሲያ ባዮሴንሰር የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ባያኮር የተሰኘው መሣሪያም በ1990 ገበያ ወጣ።

መሣሪያው ፕሮቲን ሲጣበቅ የሚወጣ፣ ሲታጠብ የሚወርድ መስመር ይስላል። ከአወጣጡና ከአወራረዱ ሁለቱ ሞለኪውሎች በምን ፍጥነት እንደሚያያዙና እንደሚላቀቁ ይሰላል። ሞለኪውሉ ላይ የሚያበራ ምልክት መለጠፍ አያስፈልግም። 1 ሺህ የመሣሪያው አሃድ የ0.1 ዲግሪ ለውጥ ነው፤ በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ 1 ናኖግራም ፕሮቲን ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ሙቀትም ያታልላል። ውኃ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ብርሃን የመስበር መጠኑ በ0.0001 ገደማ ይቀንሳል። ጥሩ መሣሪያ ደግሞ 0.000001 ለውጥ ይለያል። የአንድ መቶኛ ዲግሪ ሙቀት እንኳ ሞለኪውል የተጣበቀ ሊያስመስል ይችላል። ለዚህ ነው ምንም ያልተጣበቀበት ሌላ የወርቅ ገጽ ጎን ለጎን እየተለካ የሚቀነሰው።

ብር ከወርቅ ይልቅ ጠባብና ጥርት ያለ ጨለማ ይሰጣል። ነገር ግን አየር ውስጥ ባለ ሰልፈር ይጠቁራል። ወርቅ አይጠቁርም፤ ሰልፈር ያላቸው ሞለኪውሎችም በላዩ ላይ በሥርዓት ይተከላሉ። የላብራቶሪ ምርጫ ወርቅ የሆነው በዚህ ነው።

የቅንጣቶቹ መንገድ ከዚህ ይቀድማል። ማይክል ፋራዳይ በ1857 ቀይ የወርቅ ፈሳሽ ሠርቷል፤ ጉስታቭ ሚ በ1908 ቀለሙን በስሌት አብራርቷል። በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሊኩርጉስ ጽዋ ከውጭ ሲበራ አረንጓዴ፣ ከውስጥ ሲበራ ቀይ ነው። በመስታወቱ ውስጥ የወርቅና የብር ቅንጣቶች አሉ። በ1997 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዲኤንኤ የተተከለባቸው የወርቅ ቅንጣቶች ተፈላጊውን ዲኤንኤ ሲያገኙ ተሰባስበው ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ እንደሚቀየሩ አሳዩ።

በ1974 ሳውዝሃምፕተን ውስጥ ሻካራ ብር ላይ ፒሪዲን የተባለ ኬሚካል የራማን ምልክት (ከሞለኪውሉ ቀለሙን በጥቂቱ ቀይሮ የሚበተነው ብርሃን) ያለ ልክ ጠንክሮ ተገኘ። አብዛኛውን ማጉላት የሚሠራው የፕላዝሞኑ መስክ እንደሆነ ይታመናል፤ የኬሚካላዊ ትስስሩ ድርሻ ስንት ነው የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ቶማስ ኢብሰን በ1998 ካሳየው፣ ከብርሃን ሞገድ ባነሱ ቀዳዳዎች ከተጠበቀው በላይ ብርሃን የማለፍ ነገርም የፕላዝሞን ድርሻ እንዳለበት ብዙዎች ይስማማሉ።

የዘርፉ ዕዳ ኪሳራ ነው። ሜታል ብርሃኑን ወደ ሙቀት ይለውጣል። በሚታይ ብርሃን ወርቅ ላይ ፕላዝሞን ጥቂት ማይክሮሜትር ተጉዞ ያልቃል። ጨለማው ሰፊ የሚሆነውም በዚህ ሰበብ ነው። ሰፊ ጨለማ ደግሞ መሃሉን በትክክል ማግኘት ያስቸግራል። በተለይ ሞለኪውሉ ትንሽ ሲሆን፣ የመስመሩ ከፍታ ከጥቂት አሃዶች ስለማይበልጥ፣ ምልክቱን ከመሣሪያው ንዝረት ለመለየት ልኬቱ ደጋግሞ ይሠራል።